ሽማግሌ በያክት

እናንተዬ፣ ባጃጅ ቆሞ እየጠበቀ ሽማግሌ በያክት የላከ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? ካላጋጠማችሁ እነሆኝ። በአካል ማየት የምትሹ ደግሞ ሐይቅ ከተማ ስትደርሱ፣ የወልዲያ ሚኒባሶች ከሚጭኑበት ፊት ለፊት ባለችው በረንዳ ላይ ከነስፌት መኪናዬ ታገኙኛላችሁ። መጥቶ መሳቅ ይቻላል፤ ግን ባዶ እጃችሁን አትምጡ፣ የሚያጥር ሱሪ ያዙ።

ወደ ነገሩ ከመግባቴ በፊት ስለ አገሬ አንድ ነገር ልበል። ከተማችን ሐይቅ ትባላለች። ሐይቃችንም ሐይቅ ይባላል። እንግዳ ይመጣና «የዚህ ሐይቅ ስም ማነው?» ይላል። «ሐይቅ» እንለዋለን። «እሱማ ሐይቅ መሆኑን አይቻለሁ፤ ስሙን ነው የጠየቅኩት» ይላል። «ሐይቅ ነዋ!» እንለዋለን። ያሾፍንበት መስሎት ተቀይሞ ይሄዳል። ይህን ያነሳሁት ወሬ አጥሮኝ አይደለም። አንድ ቃል ሁለት ነገር ሲሆን ሰው እንዴት እንደሚያጣላ፣ አንዳንዴም እንዴት እንደሚያጋባ ወደፊት ስለምታዩ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በቀሚስ ነው። ሐዋ ዱባይ ሰው ቤት ስትሠራ ቆይታ የተመለሰች ልጅ ናት። አንድ ቀን ወገቡ የሰፋባትን ቀሚስ ይዛ መጣች። የቀሚስ ወገብ ማጥበብ ለኔ የምሳ ሰዓት ሥራ ነው። የሐዋን ቀሚስ ግን መጀመሪያ አጠበብኩት፤ በሚቀጥለው ሳምንት ጠበበ ብዬ አሰፋሁት፤ ከዚያ እጅጌው አላማረኝም አልኩ፤ ከዚያ ጫፉ ተንጋደደ አልኩ። ቀሚሱ ብዙ ከመተርተሩ የተነሳ አሳ ማስገሪያ መረብ ሊሆን ምንም አልቀረውም። እሷም ባስቸገርኳት ቁጥር እየሳቀች ትመለሳለች። ወደድኳት። ብዙ ማሳመሪያ የለውም፤ ወደድኳት።

ታዲያ አንድ ቀን የደንበኛ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ ስለ ዱባይ ታወራኛለች።

«ማዳሜና ባሏ ያክት ነበራቸው» አለችኝ። «የሀብታም ጀልባ ነው፤ ሳሎን አለው፣ መኝታ አለው። አርብ አርብ ልጆቹን ይዤ አብሬ እሄዳለሁ። ባሕሩ ዳር ለዳር፣ ከደሴት ደሴት እያልን ስንዞር እንውላለን። ወላሂ እስከዛሬ ድረስ ያክት በቴሌቪዥን ሳይ ሆዴ ይላወሳል!»

ሆዴ ይላወሳል! መርፌው ጣቴን ሲወጋኝ እንኳ አልተሰማኝም። እስቲ አማርኛ የምታውቁ ፍረዱኝ፤ ሆድ የሚላወሰው መቼ ነው? እኔ አምባሰል በማሲንቆ ሲመታ ስሰማ ሆዴ ይላወሳል፤ በዚያ የተነሳ የስንቱን ሰው ኮሌታ አጣምሜ ሰፍቻለሁ። ሐዋም ያክት ስታይ ሆዷ የሚላወሰው ናፍቋት ነው። ይህቺን ልጅ የሚያገባት ሰው ያክት ሊኖረው ይገባል ብዬ ደመደምኩ። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የተባለው በሬ ከኔ የተሻለ አስተዋይ ነበር።

አሁን ሰይድን ላስተዋውቃችሁ። ሰይድ አብሮ አደጌ ነው። እሱም ከዱባይ ነው የተመለሰው፤ ያውም ከያክት ላይ። «ምን ነበርክ?» ሲሉት «ያክት ላይ ነበርኩ» ይላል፤ ያክቱ ላይ ምን እንደሚሠራ የጠየቀው ሰው የለም። እኛው ራሳችን ካፒቴን ብለን ሾምነው፤ እሱም ሹመቱን አልመለሰም። እንደመጣ «ሐይቃችንን ቱሪስት በቱሪስት አደርገዋለሁ» ብሎ ጀልባ ማሠራት ጀመረ። ሠሪው የአጥር በር የሚበይድ ሰው ነበር። ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ በር ሲሠራ የኖረ ነውና የሠራው ሁሉ በር ይመስላል፤ ጀልባዋም ከላሜራ ተሠርታ፣ በሁለት ጎኗ የብረት አበባ ተበይዶላት፣ በስተኋላዋ መቀርቀሪያ ተደርጎላት ወጣች። «መቀርቀሪያው ለምንድነው?» ብንለው «ሌባ እንዳይገባ» አለን።

ሞተሯ የሽንኩርት ማሳ የሚያጠጡበት የውሃ መሳቢያ ነው። በአንዱ ቱቦ ከሐይቁ ይስባል፣ በሌላኛው ቱቦ ወደ ኋላ ይተፋል፣ ጀልባዋም በተተፋው ውሃ ተገፍታ ወደ ፊት ትሄዳለች። መቀመጫዎቹ ካረጀ ሚኒባስ የተነቀሉ ናቸው። ጥላውን እኔ ሰፋሁ። ጎኗ ላይ «ያክት» ብሎ እንዲጽፍ የታዘዘው ሰዓሊ ቃሉን ሰምቶ ስለማያውቅ እንደመሰለው ጻፈው። በትልልቅ ቀይ ፊደል «ያቅት» ይላል።

በዚህ መሀል አንድ ወሬ መጣ። አንድ ባለ መኪና የሐዋን እጅ ሊጠይቅ አርብ ዕለት ሽማግሌ ሊልክ ነው አሉ። እህል አልበላ አለኝ። እኔ ያለኝ አንዲት የስፌት መኪና ናት፤ እሷም መኪና ትባላለች እንጂ የትም አታደርስም። ሰይድን አማከርኩት።

«አንተም እሁድ ላክ፣ ቅደመው» አለኝ።

«እሱማ ልክ ነው። ሦስት ሽማግሌ በአንድ ባጃጅ ይበቃል፤ የአባቷ ቤት ከሐይቁ ማዶ ቢሆንም መንገድ አለው።»

«አቦ ተው! ባለ መኪናን በባጃጅ ልትበልጥ ነው? እኔ እያለሁ? በያክት እንልካቸዋለን!»

ሆዴ ይላወሳል ያለችው ትዝ አለኝ። ሐዋ ከቤቷ ደጅ ቆማ ሽማግሌዎቼ በያክት ሲመጡ ስታይ ታየኝ። «መርሃባ!» አልኩት። በዚያች በአንዲት ቃል ስንት ጉድ ወደ ቤቴ እንዳስገባሁ አላወቅኩም።

ሽማግሌዎቹን መረጥኩ። አንደኛው ሸህ ኑሩ ናቸው፤ ዱዓቸው ጠብ አይልም የሚባሉ ሰው። ሁለተኛው ሐይቁ ዳር ካለው ገዳም የሚመጡት መሪጌታ ናቸው፤ ቀሚሳቸውንና ካባቸውን የምጠግነው እኔ ነኝ፤ ለሽማግሌነት ሲጠሩ ደግሞ እምቢ አይሉም። ሦስተኛው ጎረቤቴ ጋሽ ይመር ናቸው። ሸህም መሪጌታም አንድ ላይ መጥተውበት እምቢ የሚል አባት በኛ አገር ገና አልተወለደም ብዬ ተማምኛለሁ።

አንድ ችግር ብቻ ቀረ። በወጋችን አግቢው ከሽማግሌ ጋር አይሄድም። እኔ ደግሞ ሐዋ ያክቱን ስታይ ፊቷን ሳላይ ከምቀር ሞት ይሻለኛል። ስለዚህ ለሰይድ ባለ ወርቅ ጥልፍ ነጭ የካፒቴን ልብስ ስሰፋ፣ ለራሴ ሸንተረር ያለው የመርከበኛ ልብስ ከነኮፍያው ሰፋሁ። ኮፍያውን እስከ ቅንድቤ ዝቅ ሳደርገው የገዛ እናቴ አታውቀኝም አልኩ። ሰይድ የሱን ሲለብስ የማርሽ ባንድ መሪ መሰለ፤ እኔ የኔን ስለብስ ከሆስፒታል ያመለጠ በሽተኛ መሰልኩ።

እሁድ ከቅዳሴ መልስ መሪጌታ፣ ሸህ ኑሩና ጋሽ ይመር ሐይቁ ዳር ተገናኙ። ጋሽ ይመር ጀልባዋን ከፊት አይዋት፣ ከኋላ አይዋት፣ በከዘራቸው ኳ ኳ አደረጓት።

«ይሄ በር ተዘግቶ ነው ወይስ ተከፍቶ?» አሉ።

«ጀልባ ናት ጋሼ» አላቸው ሰይድ።

«ኸረ እኔ ልጆች አሉኝ!» ብለው ባጃጅ ፍለጋ ተመለሱ።

መሪጌታ ደግሞ ጽሑፏ ፊት ቆመው ቀሩ። «ያቅት» አሉ ቀስ ብለው። «ግሡ 'አቃተ' ነው። አቃተ፣ ያቅታል፣ ያቅት። ልጆቼ፣ ይህ ስም ነው ወይስ እርግማን?»

«ስም ነው አባቴ፣ የሰዓሊ ስህተት ነው» አልኩ።

«የሰዓሊ ስህተት አንዳንዴ ትንቢት ይሆናል» ብለው ቀሚሳቸውን ሰብስበው ገቡ። ሸህ ኑሩም ቢስሚላህ ብለው ተከተሏቸው። ስለ ድፍረታቸው እስከ ዕለተ ሞቴ አመሰግናቸዋለሁ።

ሞተሩ ሲነሳ ጩኸቱ የሐይቁን ወፍ ሁሉ አስነሳ። ጀልባዋ ግን ሄደች! ወላሂ ሄደች። ሰይድ ወርቅ ጥልፉን እያብለጨለጨ ከፊት ቆሞ «ክቡራን መንገደኞች!» ብሎ ጀመረ። «በስተቀኛችሁ የምታዩት የባሕር ዳርቻ ነው።» የሚያሳየን የሰው የበቆሎ ማሳ ነው። «በስተግራችሁ ዶልፊን ሊታይ ይችላል።» አንዲት ቆሮሶ አሳ ብልጭ ብላ ጠፋች።

«ሰይድ ልጄ፣» አሉ ሸህ ኑሩ፣ «የሙሄ ቤት እኮ በወዲያ ነው።» ሙሄ የሐዋ አባት ናቸው።

«ሸሃችን፣ ያክት ቀጥ ብሎ አይሄድም። ቀጥ ብሎ የሚሄደው የጭነት ጀልባ ነው። ያክት ይንሸራሸራል። መጀመሪያ ደሴቱን እንዞራለን።»

«የትኛውን ደሴት?» አሉ መሪጌታ።

«ገዳሙ ያለበትን ነዋ!»

«ልጄ፣ እሱ ደሴት የነበረው ድሮ ነው። አሁን ከየብስ ጋር ተያይዟል። እኔ ዛሬ ጠዋት ከዚያ የመጣሁት በእግሬ ነው።»

«አባቴ፣ ከውሃ ላይ ሲያዩት ደሴት ነው» አለ ሰይድ። በዱባይ ሰው ሠራሽ ደሴት እንዳለ፣ እኛ ግን አላህ የሠራልንን ደሴት ንቀን በእግር እንደምንሄድበት ረዘም ያለ ተግሣጽ ሰጠን። መዞር ስለማይቻል እስከ ገዳሙ ጫፍ ሄደን ተመለስን። መሪጌታ የገዛ ደጃቸውን በውሃ በኩል ሲያዩት ለመጀመሪያ ጊዜ ነበርና «ለካስ ዛፉ ይህን ያህል አድጓል» ብለው ተገረሙ።

እውነቱን ልናገር፤ ሐይቁ መሀል ስንደርስ ደስ አለኝ። ውሃው ጸጥ ብሏል፤ የአምባሰል ተራራ ከሩቅ ይታያል፤ ሁለቱ ሽማግሌዎች የሚኒባስ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ስለ ዝናቡ ያወራሉ። ይህን ሁሉ ያደረግኩት ለሐዋ ነው ብዬ አሰብኩና ራሴን ወደድኩት። ሰው ራሱን የሚወድበት ሰዓት መጠንቀቅ ያለበት ሰዓት ነው።

የማዶው ዳርቻ በደንብ መታየት ሲጀምር የሐይቁ ሣር ቱቦው ውስጥ ገባ። ሞተሩ አቃሰተ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ወደ ኋላ የሚተፋው ቱቦ ከነማሰሪያው ተፈናጥሮ ወደ ጀልባዋ ውስጥ ዞረ። መሳቢያው ሥራውን የሚያውቅ ነው፤ ማጠጣት ጀመረ። እንደ ሽንኩርት አጠጣን። ሸህ ኑሩ ጥምጣማቸው እስኪንጠባጠብ፣ መሪጌታ ጺማቸው እስኪረጥብ ጠጣን።

«አጥፋው!» አልኩ።

«ማጥፊያው የቱ ነው?» አለኝ ሰይድ።

«እኔን ነው የምትጠይቀው? ካፒቴኑ አንተ አይደለህም?»

«እኔ ብርጭቆ ነበር የማጥበው!» አለ ሰይድ፤ ድምፁ ሊያለቅስ የደረሰ ሰው ድምፅ ነው። «ያክቱ ምግብ ቤት ነው። ወደቡ ላይ ታስሮ የሚኖር ነው። አንድ ቀን እንኳ ሲንቀሳቀስ አይቼ አላውቅም!»

ሞተሩ ዕድሜ ይስጠው፣ ውሃ ገብቶበት ራሱ ጠፋ። ጀልባችን እስከ ቁርጭምጭሚት ውሃ ይዛ ቆመች። ከዳርቻው ብዙም አልራቅንም፤ ጮክ ብሎ የተናገረ ይሰማል፣ መዋኘት የሚችል ደግሞ ይደርሳል። ከኛ መሀል መዋኘት የሚችል የለም።

ዳርቻው በሰው ተሞልቷል። ለካ ጋሽ ይመር በባጃጅ ቀድመው ደርሰው «ጓደኞቼ በውሃ እየመጡ ነው» ብለው መንደሩን አስወጥተውታል። ከሰዉ መሀል የዚያች ቀሚስ ቀለም ታየኝ። እኔ የሰፋሁት፣ የተረተርኩት፣ መልሼ የሰፋሁት ቀሚስ ነው። ሐዋ አፏን በእጇ ይዛ ቆማለች። ሆዷ እየተላወሰ ነው አልኩ በልቤ።

ወዲያው ጋሽ ሙሄ በአሳ ማስገሪያ ጀልባቸው እየቀዘፉ መጡ። ቀጠን ያሉ፣ ንግግር የማያበዙ ሰው ናቸው። ሸህና መሪጌታ ሲያዩአቸው ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። ጀልባዋ ወደ ግራ ጋደል አለች።

አሁን እንግዲህ ወጉን አስታውሱልኝ። የጋብቻ ሽማግሌ ጥያቄው ሳይመለስ አይቀመጥም፤ እህል ውሃም አይቀምስም። ቤት ውስጥ ሲሆን ይህ የሚያምር ወግ ነው። ውሃ በሚያስገባ ጀልባ ላይ ሲሆን ግን አያድርስ ነው።

«አሰላሙ አለይኩም» አሉ ጋሽ ሙሄ።

«ወአለይኩም ሰላም፣ ሙሄ። ደህና ነህ ወይ? ቤተሰቡ ደህና?» አሉ ሸህ ኑሩ።

«አልሐምዱሊላህ። እናንተስ ደህና ናችሁ?»

«አልሐምዱሊላህ። ከብቱስ?»

«አልሐምዱሊላህ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን። አዝመራውስ እንዴት ነው?» አሉ መሪጌታ ተቀብለው።

የወሎ ሰላምታ ረጅም ነው። አዝመራው፣ ዝናቡ፣ የታመመው ጎረቤት፣ የወለደችው እህት በየተራ ተጠየቁ። እኔ በኮፍያዬ ውሃ እየቀዳሁ ወደ ውጭ እደፋለሁ። ስለ ከብቱ ሲጠያየቁ ውሃው ቁርጭምጭሚት ላይ ነበር፤ እህትየዋ ጋ ሲደርሱ ቅልጥም ደረሰ።

«በሉ ወደኔ ጀልባ ግቡ፣ ቤት እንሂድ» አሉ ጋሽ ሙሄ።

«አይሆንም» አሉ ሸህ ኑሩ። «ጉዳይ ይዘን ነው የመጣን። ጉዳያችን ሳይመለስ አንገባም፣ አንቀመጥም፣ ውሃህንም አንቀምስም።»

ጋሽ ሙሄ የሸህን እግር አዩ። እግሩ አይታይም፤ ውሃ ውስጥ ነው።

«እንግዲያ ጉዳዩን ንገሩኝ።»

መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠረግ አደረጉ። «ልጅህን ለልጃችን እንድትሰጠን ነው። ልጃችን ሐይቅ ከተማ የሚሠራ ልብስ ሰፊ ነው። የረጋ ነው፣ ነገር አመዛዛኝ ነው። እንዳሁኑ ዘመን ልጆች በከንቱ የሚንሳፈፍ አይደለም። እግሩ መሬት የረገጠ ነው!»

እኔ ይህን ስሰማ ጉልበቴ ድረስ ውሃ ውስጥ ነበርኩ። ጋሽ ሙሄ ከሸህ ወደ መሪጌታ፣ ከመሪጌታ ወደኔ አዩ። ኮፍያዬ በእጄ ነው፤ መደበቂያዬ ውሃ መቅጃ ሆኗል።

«እሱ እግሩ መሬት የረገጠ ልጅ አሁን የት ነው ያለው?» አሉ።

ሸህ ኑሩ አይዋሹም። «ሩቅ አይደለም» አሉ።

«ሥራ ላይ ነው» አሉ መሪጌታ። እሳቸውም አልዋሹም።

ጋሽ ሙሄ ጢማቸውን ያዙ። ከከንፈራቸው ጫፍ ሳቅ ሊያመልጥ ሲል የያዙት ይመስለኛል፤ አልምልም ግን። «መልካም ነው። ከዘመድ ልምከርና የዛሬ ሳምንት ተመለሱ» አሉ።

ይህ የማንኛውም አባት መልስ ነው፤ ወግ ነው። ነገር ግን ከሳምንቱ በፊት አርብ አለ። አርብ ደግሞ ባለ መኪናው አለ። ልቤ ከጀልባዋ ቀድሞ ሰመጠ።

«ሙሄ፣» አሉ ሸህ ኑሩ በጣም በትሕትና፣ «የዛሬ ሳምንት የምንመለሰው እኮ ዛሬ ከተረፍን ነው።»

«እንግዲያው ልጅቷንም መጠየቅ አለብኝ።»

«ያቻት ቆማለች፤ ጠይቃት።»

ጋሽ ሙሄ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ወደ ዳርቻው ተጣሩ፦ «ሐዋ! እነዚህ ሰዎች ለልብስ ሰፊው ጠይቀውሻል! ምን ትያለሽ?»

 እኔ ውሃ መድፋቴን አቆምኩ። ልጅት ድምፅ የላትም።

«ዝምታዋ ፈቃዷ ነው» አሉ ሸህ ኑሩ።

«ኸዚህ ርቀት በሬዬም ዝም ብሏል» አሉ ጋሽ ሙሄ። «ፈቅዷል ልበል?»

በዚህ ጊዜ መሪጌታ በሬውን በሚመለከት አንድ ቃል ሊጨምሩ ወደፊት ራመድ ሲሉ ጀልባዋ ወደ ቀኝ ዘነበለች። ሸህ መሪጌታን ያዙ፣ መሪጌታ ሸህን ያዙ፣ ሰይድ ሁለቱንም ያዘ። ይህን ጊዜ ነው ከዳርቻው የሐዋ ድምፅ ውሃውን ሰንጥቆ የመጣው፦

«ኧረ ተቀመጡ! በአላህ ተቀመጡ!»

ሸህ ኑሩ ጥምጣማቸውን አስተካከሉ። ፊታቸው በራ። «ሰማህ ሙሄ? ተቀመጡ አለችን። ሽማግሌ ተቀመጡ ከተባለ ምን ማለት ነው?»

«ጀልባው እንዳይገለበጥ ነዋ!»

«እሱ የውሃው ትርጉም ነው። እኔ የጠየቅኩህ የወጉን ትርጉም ነው።»

ጋሽ ሙሄ መሪጌታን አዩ፤ መሪጌታ «ሁለት ትርጉም ሲኖር መልካሙን መያዝ ነው» አሉ። ጋሽ ሙሄ ዞረው ልጃቸውን አዩ። ሐዋ ውሃው ውስጥ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ገብታ፣ ጫፉን ስንት ጊዜ ያስተካከልኩት ቀሚስ ርሶ፣ እጇን እያውለበለበች አሁንም ተቀመጡ ትላለች። ከዚያ እኔን አዩኝ። ረጅም ጊዜ አዩኝ።

«እንግዲህ ልጄ ተቀመጡ ካለች፣» አሉ በመጨረሻ፣ «እኔ ቁሙ አልልም። ተቀመጡ።»

ሽማግሌዎቼ ተቀመጡ። የሚኒባሱ ወንበር ውሃ ውስጥ ነውና እስከ ወገባቸው ውሃ ውስጥ፣ ልክ ምንጣፍ ላይ እንደተቀመጠ ሰው ኮራ ብለው ተቀመጡ። ሸህ ፋቲሃ አደረሱ፣ መሪጌታ መረቁ። እኔ አሜን ስል አንዳች ነገር ከዓይኔ ወረደ። የሐይቅ ውሃ ነው ብያለሁ፤ ያ ግን ጨው ጨው ይላል፣ የሐይቃችን ውሃ ደግሞ ጨው የለውም።

ከዚያ ወደ ጋሽ ሙሄ ጀልባ በየተራ ተሻገርን። ያክታችን በክብር ወደ ታች ሄደች። መጨረሻ የታየው ቀዩ ጽሑፍ ነው። ሰይድ ባለ ጥልፉን እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ ሸኛት። አሁን ያው ሰይድ ከተማ ውስጥ ምግብ ቤት ከፍቷል፤ ሥራውን በደንብ ያውቀዋል። ካፒቴን የሚለው ሰው ግን እስከዛሬ አልጠፋም።

ቤታቸው ስንደርስ ጋሽ ይመር በሩ ላይ ከዘራቸውን ተመርኩዘው ቆመዋል። ብቻቸውን ጉዳዩን መናገር ስለማይችሉ፣ ሳይናገሩ ደግሞ መቀመጥ ስለማይችሉ፣ ያን ሁሉ ጊዜ እንደቆሙ ናቸው። «መቀመጥ ይቻላል?» አሉ ገና ሲያዩን። ይቻላል ስንላቸው በዚያ ቤት ውስጥ እንደሳቸው ደስ ያለው ሰው አልነበረም፤ ከኔ በስተቀር።

ከሐዋ ጋር ተጋባን። ከሠርጉ በኋላ አንድ ቀን ምሳ በልተን በረንዳው ላይ ቁልፍ ስትተክልልኝ ያን ሁሉ ለምን እንዳደረግኩ ነገርኳት። ያክት ሳይ ሆዴ ይላወሳል ብለሽኝ የለ? አልኳት።

ሐዋ መርፌዋን አስቀመጠች። እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

«አንተ ሰውዬ! ማስመለስ ነው እኮ ያልኩህ! ባሕሩ ሲወዘውዘኝ፣ ባልዲ ታቅፌ ነው ከደሴት ደሴት የዞርኩት! ለዚያ ብዬ አይደል አገሬ የገባሁት?»

ብዙ ነገር ባንዴ ገባኝ። ላሜራው፣ ጥልፉ፣ የሸህ ጥምጣም፣ የመሪጌታ ጺም ሁሉ አንድ ባንድ በዓይኔ ዞሩ። ቢሆንም አንድ ነገር ሳላጣራ አላርፍ አልኩ።

«እሺ፣ ያን ዕለት ውሃ ዳር ሆነሽ ተቀመጡ ያልሽውስ? ለጀልባዋ ብለሽ ነው ወይስ ለኔ?»

ክሩን በጥርሷ በጠሰች። «አንተን በዚያ ኮፍያ ውሃ ስትቀዳ ሳይህ» አለች፣ «ሆዴ ተላውሶ ነው።»

የትኛው መላወስ እንደሆነ ልጠይቃት አፌን ከፈትኩ።

«አርፈህ ተቀመጥ» አለችኝ።

ተቀመጥኩ።